አጣቢዋ፣ ለአዲስ ገቢዎች

እኔ ዲግሪ የለኝም፣ ቀድሜ ልናገር፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ በፔዳ ግቢ፣ በዚችው ገንዳ ዳር፣
ሰው የሚያይበትን ስስ መስታወት ሳጥብ፣
እጄ ሲያንጠባጥብ፣ ጆሮዬ ሲመዘግብ።

መምህር ልቅናው ዛሬ ዘገዩብን፤ ኑማ፣
እስኪመጡ ድረስ ከውሃው እንስማ።

ይቺን ጠብታ እዩ፤ ጧት ከደንገሉ ሥር የቀዳኋት ናት።
ለዓይን እንባ ታህላለች፤ በማይክሮስኮፕ ግን አገር ናት።
ጅራታሙ፣ ጠጉራሙ፣ አረንጓዴው ሎሚ መሳይ፣
እግር አልባው ሲሮጥ፣ አፍ አልባው ሲጎርስ ጠጋ ብለህ እይ።
ማይክሮባዮሎጂ ነው ስሙ በመጽሐፉ፤
እኔ «የታችኛው ሠፈር» እለዋለሁ፤ ስንቴ አጠብኳቸው፣ አላለፉ።

ዐምና በዚህ ወቅት እንደ እናንተ ያሉ ወደ ሀይቁ ወረዱ።
ባዮሎጂ ማለት፣ አሉ መምህር፣ ሕይወትን መጠየቅ ነው፤ አንድ ነው ግንዱ፣
ቅርንጫፉ ይበዛል።
እንየው ታንኳውን አስጠግቶ መረቡን ሲጎትት፣
ሁለት ቀረሶ አገኘ፣ አንድ አምባዛ፤ እምቦጭ ግን በጭነት።

ተሻሙባት አንዷን ቀረሶ!
የዙኦሎጂው ክንፏን ቆጥሮ ከዘመዶቿ መደባት፤
የአናቶሚው ምላጭ አወጣና ከአንገት እስከ ጅራት ቀደዳት፤
ፊዚዮሎጂ የሚወደው፦ «በስንጥቧ እንዴት ነው ከውሃ አየር የምትለየው?»
የጄኔቲክሱ ቅርፊት ለመነ፤ ዘሯን ሊቆጥር ነው
(ዘር ተቆጥሮ ጠብ የማይነሳበት ቤት አንድ ይሄው የኛ ነው)።
ውብአንተ ብቻ ዓሣ አልነካችም። እምቦጩን አንስታ፣
ሐምራዊ አበባውን ስትስል፣ ያበጠ አንገቱን ስትፈታ፣
«ጠላት መሆኑን ረሳሁት» አለች፤ ቦታኒ እንዲህ ነው፣ ያስታል ላፍታ።

እንየው ቆሞ አያቸውና፦ «ከዚህ ሁሉ ክፍል፣
የኔ እራት የቱ ጋ ይመደባል?»
ሳቁ። መምህር ልቅናው አልሳቁም።
«ያንተ» አሉት፣ «ሥነ ምህዳር ይባላል፤ እኛም ገና አልጨረስነውም፦
እምቦጩ ፀሐዩን ሲጋርድ፣ ዓሣው ሲሸሽ፣ ደንገሉ ሲመነምን፣
አንተ በባዶ ታንኳ ስትመለስ፣ ያ ሁሉ ባንድ ገመድ መታሰሩን ማመን።»
የተቀደደችውን ዓሣ ዋጋ ከኪሳቸው ከፈሉ።

ዓባይ ጣናን ሲያቋርጥ አይቀላቀልም ይላሉ የኛ ሽማግሎች፤
ትምህርቱም እንዲያ ይመስላል ከየበሩ ላይ፣ በተለጠፉት ስሞች።
ማታ ግን እኔ ነኝ፤ የቅጠሉን ጭማቂ፣ የዓሣውን ደም፣
የረቂቆቹን ወይን ጠጅ ቀለም፣
ሁሉንም በአንድ ሳፋ አጥባለሁ።

መጡ፤ ኮቴያቸው ነው። ቦታ ቦታችሁ።
መስታወቱን በጠርዙ ያዙት። መሐሉን ከነካችሁ፣
ጠብታዋን ትታችሁ የገዛ ጣታችሁን ነው የምታዩት፤
እሱም ትምህርት አለው፤ ግን ለሁለተኛው ሴሚስተር ተዉት።