ሐዲዱን የፈታሁት እኔ ነኝ

ሐዲዱን የፈታሁት እኔ ነኝ በእጄ፤
ያውም በቀን ሂሳብ፣ ያውም ከገዛ ደጄ፤
መንግሥት ዘጋው እንጂ፣ መች ሆነና ወድጄ።

እናቴ ሌዎንቲን የኬላ ዘበኛ፣
ለአሥር ሰዓቱ ባቡር ከመሸ የማትተኛ፤
ጋሪው እንዳይቀደም ዘንጉን ዝቅ አድርጋ፣
ባቡሩ ሲያልፍላት ዘንጉን ከፍ አድርጋ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት መሸባት፣ ነጋ።

ሰባ አራት ዓመቴን ደፈንኩኝ ዘንድሮ፤
የልጅ ልጄ ማኤል ዝምታዬን ተማሮ
ብስክሌት አመጣልኝ፣ ጎማው ውጥር ከበሮ፤
"ሂድና እየው" አለኝ፣ "ያን መንገድ፣ እንደ ድሮ።"

እንደ ድሮ ሲለኝ ሳቅሁ።
ድሮን የት ያውቀዋል እሱ።

ማክሰኞ ማለዳ ወጣሁ፣ ሸለቆው ጭጋግ ለብሶ፣
አኻያው ከወገብ በታች በነጭ ውስጥ ፈርሶ፤
ክሮዝ ሲያወራ ይሰማል፣ ወንዙ አይታይም ጨርሶ።

መኪና የለም።
መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ነው፦ የሌለውን።
ጡሩምባ የለ፣ ጭስ የለ፣ ከኋላ የሚገፋ፤
ጠጠሩ ብቻ ኩርሽም ሲል፣ ከጎማ ሥር ሲተፋ።

ባቡር እንደ ጌታ ነው፣ ዳገት አይወጣም በእግሩ፤
ተራራው ይሰነጠቃል፣ ገደሉ ይሞላል ለክብሩ።
የቆፈሩለት ሰዎች ዛሬ ራሳቸው ናቸው አፈሩ።
እኔ በነሱ ላብ እወርዳለሁ፣ ያለ ፍሬን፣ ወደ መንደሩ።

ድልድዩ ላይ ቆምኩኝ። ዘጠኝ ቅስት፣ ከታች ውሃ፤
አንድ ግራጫ ወፍ በአንድ እግሩ፣ እንደ ገባ ንስሐ።

ከዋሻው መውጫ ላይ ኢዞር እንጆሪ ትለቅማለች፤
ቅርጫቷ ከብስክሌቷ መሪ ተንጠልጥሏል።
"ሳማው ፈጀኝ" አለች፣ ጣቷን እየላሰች፤
"ቢሆንም ይሻላል። በባቡሩ ጊዜ
እንጆሪው ጥላሸት ጥላሸት ይል ነበር" አለች።
ሰጠችኝ። በላሁ። እውነቷን ነው።

ከዚያ አለፍ ብዬ፣ ድሮ ኬላው ከነበረበት፣
የኋላ ጎማዬ ፍስስ አለ፣ ነፍሱ ወጣበት።
ወረድኩ። ገለበጥኩት። በጣቴ ዳበስኩት።
እሾህ አይደለም። ድንጋይ አይደለም።
ብሎን።

ራሱ ስድስት ማዕዘን፣ ወገቡ በዝገት የተበላ፣
አንገቱ ላይ በመሮ የተመታ ጠባሳ።
አወቅሁት።
በዚያ የኅዳር ብርድ አልፈታም ብሎ ያስለቀሰኝ፣
ቀጥቅጬ ቆርጬው ወደ ሳማው የወረወርኩት።
እናቴ በመስኮት ታይ ነበር። ምንም አላለችም።
መጋረጃውን ዝቅ አደረገች፤
ልክ እንደ ዘንጉ።

ስንት ሺህ ብሎን ፈትቻለሁ፤ ይኸ ያ ላይሆን ይችላል።
ግን ማን ይከራከረኛል?

መንፊያዬን ቤት ረስቻለሁ። ተቀመጥኩ።
አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ መጣች፣ እየተንገዳገደች፣
አባቷ ኮርቻዋን ይዞ ከኋላ እየሮጠ።
"ለምን እዚህ ቁጭ አልክ?"
"ባቡር እየጠበቅኩ።"
"ባቡር እኮ የለም!"
"አውቃለሁ። እኔ ነኝ የፈታሁት።"
አየችኝ፤ እንደ ሌባ ሳይሆን፣ እንደ ሞኝ።
አባቷ መንፊያውን አበደረኝ፣ ላቡን እየጠረገ።

"ክሌሊ፣ አሁን ብቻሽን" አላት።
ያዘ፣ ገፋ፣ ለቀቀ።
ቀኝ አለች፣ ግራ አለች፤ ጠጠሩ ተንጫጫ፤
የሚገጫት የለም፣ የሚያስፈራት የለም፣ ከሳማው በቀር፤
ወደ እኔ መጣች፣ አፏን ከፍታ፣ አይኗን ሳትነቅል።

ክንዴ ተነሣ። እኔ አላዘዝኩትም።
ከትከሻዬ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ፣
እንደ ዘንጉ፣
አለፈች።

አባቷ ተከትሏት ሮጠ።
መንፊያውን እስካሁን አልመለስኩም።