የሞተሩን ድምፅ ያውቃል

ከቫል ወንዝ ማዶ፣ በቆሎው አልቆ ሽቦው ሲጀምር፣
ዲኬሌዲ ጡጦ ትቀቅላለች፣ ሰማዩ ሳይቀላ ዳር ዳር።
ስድስት ጡጦ፣ ለስድስት አፍ፤
እናትየዋ ከአጥር ወዲያ ታገሣለች፣ ግቷ ሞልቶ ሲንጠፈጠፍ።
ባሥረኛው ቀን ወሰዱባት፤
ቶሎ ትፀንሳለች፣ ሲወስዱባት።

ከሩቅ አገር የመጡ ወጣቶች፣ ከፍለው ጡጦ ያጎርሳሉ፣
«እናት የሌላቸው ናቸው» ሲሏቸው እንባ ያፈሳሉ።
የሷ ስም በሴትስዋና እንባ ነው፤ አላየኋትም ግን ስታለቅስ፣
በለቅሷቸው መሃል አልፋ፣ ጡጦ ሰብስባ ስትመለስ።

አንዱን ግልገል ቲሮ አለችው። ሥራ ማለት ነው።
ልቧ እንዳይሞቅ ፈርታ ነው።
ጎፈሩ እስኪጠቁር አራት ዓመት፣ የሚያውቀው የሰው እጅ፣
የሞተ ዶሮ፣ የፒካፕ አቧራ፣ የአጥር ደጅ።
ሞተር ምሳ ነው።
ሞተር እናት ነው።

ሰኔ እዚያ ዝናብ የለውም፤ ውርጭ ነው፣ ሳሩ ነጭ።
ከዋጋ ዝርዝር በፎቶ ተመርጦ፣ ከአጥር ወደ ሌላ አጥር ተለቀቀ፤
ሦስት ቀን ጦሙን ሰነበተ።
ከዚያ ሞተሩ መጣ።
ቲሮ አልሸሸም።
ጭራውን እያወዛወዘ፣ ምሳውን ሊቀበል ወጣ።

እንግዲህ ፎክር ጌታዬ! ዘራፍ በል!
ጡጦ ለማጁን ገዳይ!
ሲጠሩት የሚመጣውን ገዳይ!
ከመኪና ላይ፣ በደረሰኝ ገዳይ!
የድሮ አዳኝ ሲወጣ፣ ላይመለስ ይችል ነበር፤
ጎፈር ያሸለመው ያ «ምናልባት» ነበር።
አንተ ከአንበሳው በፊት የገደልከው
ምናልባትን ነው።

ባለእርሻው ኮርኔ ይስቃል፦ «አንተስ ላም አታርድም?
የኔ ባይሞት የዱሩ ይሞታል። ሠራተኛዬስ? ትራብ? አይሆንም!»
ለላሟ መልስ የለኝም። በልቻታለሁ።
ስለ ዲኬሌዲም ደመወዝ አፌን እይዛለሁ፤
ልጇ ዩኒፎርም ይለብሳል፣ በቲሮ።
ይህን ሳውቅ ግጥሙ አልቀናልኝም፤ ተወላገደ፣ እንደ ጠማማ ቀንበር፣ እንደ ሰባራ ከበሮ።

ማታ አጥንቱን በኪሎ መዘኑት፤ ባሕር ይሻገራል አሉ።
ዲኬሌዲ ጡጦ ታጥባለች። ስድስት።
ከጓሮ ሞተር ተነሳ፤
በየአጥሩ ውስጥ የተኛው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ተነሳ።
እሷ ብቻ
ውኃውን እንደከፈተች፣
እጇ አረፋ ውስጥ፣
ቀና ሳትል ቀረች።