እጥፋት

ቀኝ እግሬ ማጠሩን ሐኪም አልነገረኝ፤
ሱሪዬ ነው እንጂ ቀድሞ ያሳፈረኝ።
ጫፉ የድንጋዩን አቧራ ሲጠርግ
አየሁና አልኩኝ፣ «እንግዲህ ምን ላድርግ?»
በጠመኔ ለክቼ፣ ሁለት ጣት አጥፌ፣
ቀኙን ዘመዘምኩት፣ የደንበኛን ልብስ በምሰፋባት በዚያችው መርፌ።
ሰውም አላወቀ።
ሱሪው እኩል ሆኖ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲወርድ እየታየ፣
ማን ጠርጥሮ ያውቃል፣ ከጨርቁ በስተውስጥ እግር የተለያየ?

ሕመሙ ግን ልብስ አይደል፣ አይታጠፍ ነገር።
አርባ ዓመት ፔዳል ስረግጥ፣ ያ የዳሌዬ ገበር
አልቆ ኖሯል ለካ፤ አጥንት ባጥንት ሲፋቅ
ሌሊቱን ያድራል፣ ዘይት እንዳጣ ሲንጀር ሲጮኽብኝ፣ ሲሳለቅ።
ቅባት ተሞከረ፤ የግመል ስብ፣ ጥቁር አዝሙድ፣
ነብር የተሳለበት ብልቃጥ፣ ከድሬ በአውቶቡስ የሚላክ በዘመድ።
ከሱቄ እስከ ቤቴ፣ የአምስት ደቂቃ መንገድ ሠላሳ ሲፈጅ፣
ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ስገባ፣ ኖራ ለብሶ እጅ፣
ረውዳ ታያለች። አትጠይቅም።
ውሃ ታመጣለች።

ዶክተር ሀዊ ልጅ ናት፣ የልጄ እኩያ፤
ድሬዳዋ ላይ ራጄን ከመብራት ሰቀለች፣ እንደ ልብስ መስቀያ።
እርሳሷን አውጥታ ለካች፣ አሰመረች፣
«ኳሱን ቆርጠን አውጥተን ብረት እናስገባለን» እያለች ጻፈች፦
ለጎድጓዳው ሃምሳ፣ ለግንዱ ሌላ ቁጥር።
በልቤ፣ «ይቺ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልክ መውሰድ ነው፤ የለውም ምስጢር።»
አንድ ብቻ ጠየቅኳት፦ «ጨርቁ ይበቃል ወይ?»
ሣቀችና፦ «አባቴ፣ ሥጋዎን ነው ወይ?»

ወገቤን ወጉና፣ ከእምብርቴ በታች ያለውን ሌላ ሰው አደረጉት፤
መጋረጃ ጋርደው ያንን ሌላውን ሰው ቀደዱት።
እኔ እሰማለሁ። መጋዝ። ዝም። ከዚያ መዶሻ፤
አናጺ በር የሚገጥም ይመስላል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻ።
ዱዓ ጀምሬ ነበር፤ መሃል ላይ ረሳሁና ምቱን ቆጠርኩ፤
አስራ ሰባት ላይ ጠፋኝ። ተውኩ።

በሦስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ
መስታወት አስመጣሁ፤ ረውዳ «ምኑን ታየዋለህ!» ብትል በቁጣ፣
አየሁ። ስፌቱ እኩል ነው፤ ክሩ አልተንጠለጠለ።
ከታች በኩል ብቻ፣ ሁለት ቦታ ላይ፣ ትንሽ ቸኩላለች፤
ምሳ ሰዓት ደርሶ ይሆናል። ማን ያልቸኮለ?

ሐረር ስመለስ ሕግ ይዤ ገባሁ፦ እግር ማጣመር የለም፣
ዝቅ ብሎ መቀመጥ የለም።
ነደባው፣ የአባቴ መቀመጫ፣ ክልክል ሆነብኝ፤
ባለ ሁለት ትራስ የፕላስቲክ ወንበር መሃል ቤት ቆሞ ጠበቀኝ።
ሽማግሌ ሊጠይቀኝ መጥቶ እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ፤ አፈርኩ።
በወንበር ስሰግድ ግንባሬ ምንጣፍ ናፈቀ፤ አየር ሳምኩ።

በሦስተኛው ወር፣ ክራንቹን ለግድግዳው ሰጥቼ፣
ቡኒ ሱሪ አጠለቅኩ፣ በረውዳ እጅ ተረድቼ።
ቀኙ አጠረ። ሁለት ጣት። እግሬ ወርዶ ጨርቁ ቀረ፤
አስር ዓመት ያቃናሁት ዛሬ ሐሰት ተናገረ።

ሱሪዎቼን ሁሉ አስወጣሁ፤ ዘጠኝ ናቸው፤
ሲንጀሩን አልነካሁም፤ በምላጭ ተረተርኳቸው፣
ክር በክር፣ ሳልቸኩል። እጥፋቱ ሲፈታ
ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ብቅ አለ፣ ዛሬ ከጣቃው እንደወጣ።
ከላይ ያለው ታጥቦ ታጥቦ አመድ መስሎ፣
ያ ሁለት ጣት ብቻ ቡኒ ነው፣ አስር ዓመት በጨለማ ውሎ።

ረውዳ ካውያ አንስታ፣ «መስመሩ ያስታውቃል» አለች።
«ተዪው» አልኩ። በመኪና ግርግር ፀሐይ ገና ወጣች፤
ነጩ ግድግዳ በግራም በቀኝም ባለበት ቆሞ፣
እጄን ኪሴ ከትቼ አለፍኩት፣ እንደ ቀድሞ።