ሦስት ቀን ብለሽ

ሦስት ቀን ነበረ ያልሽን ስትመጪ፣
ከሞያሌ መኪና አቧራ ለብሰሽ ስትወጪ፤
ቦርሳሽ ካንቺ ገዝፎ፣ ከኋላ ሲታይ
ሁለት እግር ያበቀለ ጆንያ መሳይ።
«ከኪሱሙ ነኝ» አልሽ፣ «የሐይቅ ልጅ ነኝ እኔም፤
ዓሣ መበለትን ማንም አያሳየኝም።»
እትዬ አልጣሽ አየችሽ ከራስ እስከ እግርሽ፣
ስምሽን ሳትጠይቅ ቢላዋ ሰጠችሽ።

ጧት በአሥራ ሁለት፣ አሞራ ገደል ላይ፣
ጀልባው ገና ሲገባ፣ ሳይለይ ውሃ ከሰማይ፣
አባ ኮዳዎቹ ካፖርት ደርበው፣
ውርስ እንደሚጠብቅ ዘመድ ተሰልፈው፣
አኬሎ፣ አንቺ ቅርፊት ስትገፊ፣ እኔ አንጀት ሳወጣ፣
ካማርኛና ከሉኦ መሀል ሳቅ መጣ።
«ንጌጌ» ትያለሽ፣ «ቆሮሶ» እላለሁ፤
ሟቹ ዝም ይላል፣ እኔ እስቃለሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ቢላዋሽን አጥበሽ
ፒያሳ ጀርባ ወዳለው ፔንሲዮን ትሮጫለሽ፤
አንሶላ ልትዘረጊ፣ ደረጃ ልትወለውዪ።
ደሞዙ አልጋ ነው። ግን መች ተኛሽበት?
እኛ አለን ሌቦቹ፣ ደጁን የቆምንበት፦

«ነይ ጆተኒ አለ»፣ «ነይ ዛሬ ልደት ነው»፣
«ነይ፣ የዳንጊሶ ጀልባ ላንቺ በነጻ ነው»፣
«ነይ ታቦር እንውጣ፣ ከተማው ሲበራ፣
መብራት የጠፋበት ሰፈር እንቁጠር በተራ»።

አንቺ ግን ደብተርሽ፣ ጥግጥጉ የተበላ፣
ብሩን በመንገድ ስፍር ትመነዝሪያለሽ ኋላ፦
«ሦስት ማኪያቶ» ይላል፣ «ከዝዋይ እስከ መቂ»፤
«ጥብስና ሁለት ቢራ፦ ሞጆ ላይ ቁሚ፣ ጠብቂ»፤
እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ጎንደር የሚያህል አገር
ባንድ ቅዳሜ ምሽት ሲርቅሽ ነበር።
የማትወጪ ቀን ደግሞ፣ በጊዜ ተኝተሽ፣
በነጋታው ቅር ብሎሽ «ምን አወራችሁ?» ትያለሽ።

አንድ ጧት፣ ቢላዋ እንደጨበጥሽ፣ በቁምሽ ሸለብሽ፤
አባ ኮዳው ቀረበ፣ ዓሣሽን ወሰደብሽ።
እትዬ አልጣሽ ያንዱን ዓሣ ዋጋ ቆረጠች።
አንቺ ደብተር አወጣሽ፦
«ለወፉ፣ አንድ እራት ግብዣ።»

ከዚያ የእትዬ አልጣሽ ወንድም አረፈ፣ ባለ ባጃጁ።
ድንኳን ተተከለ፣ ሥራ ቆመ በደጁ።
አታውቂውም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ተሳፍረሽ
በመልስ ሳንቲም ነው ከሱ የተጨቃጨቅሽ።
ቦርሳሽ ታስሮ ነበር፣ ቀንም ቆርጠሽ ነበር፤
ግን መጣሽ፣ በኔ ነጠላ ፀጉርሽን ሸፍነሽ፤
ሦስት ቀን ሙሉ ንፍሮ አዘገንሽ፣ ወንበር አነሣሽ፣
ማንም ሳያዝሽ፣ ከአሮጊቶቹ መሀል አለቀስሽ።
ሦስት ቀን ያለ ደሞዝ። ደብተሩ አልተገለጠም።
«ማን ናት?» አሉ ሴቶች።
«የኛ ናት» አለች እትዬ አልጣሽ።
«ምን አለች?» አልሽኝ።
መተርጎም አቃተኝ።

በአራተኛው ቀን ሄድሽ፣ ሻሸመኔ ሚኒባስ ላይ፣
ቦርሳሽ ጣሪያው ላይ ታስሮ፣ እጅሽ በመስኮት ሲታይ።
ብር አላበደርሽኝም፣ አላበደርኩሽም እኔ፤
ግን የሆነ ሂሳብ አለ፣ ያልተዘጋ በጎኔ።

ዳንጊሶ ጀልባውን ሲቀባ ስምሽን ጻፈበት፣
«አኬሎ» ሊል ፈልጎ «አከለ» ወጣበት።
አላረመውም እስካሁን፤
እኔም ተሳስተሃል አላልኩም።

አሁን ደብተር ገዝቼ ማታ ማታ እጽፋለሁ፤
ከዚህ ከተማ ወጥቼ የማላውቅ፣ መንገድ እሰፍራለሁ፦
አንድ ጭማቂ ይቅር፣ አንድ ባጃጅ ይቅር፣ በእግሬ እሄዳለሁ፤
ባለፈው እሑድ ዲላን ልይዝ ስል፣ ልደት ተጠራሁ።
ኪሱሙ ሩቅ ነው አኬሎ። እስካሁን በገንዘቡ
ይርጋለም ነው ያለሁ።