አስራ ሰባተኛው ክር

ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ሽማግሎች በደጅ፣
ደመናውን ለኩት በተዘረጋ እጅ።
ጠብታ ካረፈ ሠረገላው አይወጣም፤
የሦስት መቶ ዓመት ወርቅ ዝናብ አይጠጣም።
ጎሄይ የሚባለው፣ ጆሮው የማይሰማ፣
«ይውጣ!» አለ ጮክ ብሎ፤ ሰማ መላው ከተማ።

ተከፈተ በሩ፣ ቁመቱ ሦስት ፎቅ፣
በዓመት አንድ ቀን ነው ብርሃን የሚያውቅ።
የእንጨት ጎማ ነው፣ ሲነቃነቅ ያለቅሳል፣
ብርድ እንደገባው ጉልበት ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።
ገመድ የሚስብ ጠፋ፣ ወጣቱ ኦሳካ ገብቶ፣
ከኮሌጅ ተማሪ መጣ በአውቶቡስ ሞልቶ፤
የገለባ ጫማ ማሰር ማን አስተማራቸው፣
እኔ ቶፉ ሻጯ ተንበርክኬ አሰርኩላቸው።

ኪሱኬ ግን ቆመ፣ ከሱቄ ጥግ ተጠግቶ፣
እጆቹን በካባው እጅጌ ውስጥ ከትቶ።
አርባ አራት ሚያዝያ፣ አርባ አራት በዓል፣
ከሠረገላው ሆድ፣ ከጨለማው ይገባል፤
ስምንት ሰው ታጥፎ፣ ጉልበት ካገጭ ተያይዞ፣
ክር ይስባል በጭፍን፣ በዋሽንት ድምፅ ታዝዞ።
ላይ ያለው የእንጨት ልጅ ዘንጉ ላይ ሲራመድ፣
ሕዝቡ ሲያጨበጭብ፣ ወዳጅና ዘመድ፣
እሱ አይቶ አያውቅም።
ከወለሉ በታች፣ ላብና የጥድ ሽታ፣
አስራ ሰባተኛው ክር፣ የግራ እግር ጌታ፣
ሦስተኛው እርምጃ ላይ ጥቂት ይይዘዋል፤
«የኔ ጥፋት» ይላል፣ ማታ ይቆጨዋል።

አምና በረዶ ሲቀልጥ እጁ ተንቀጠቀጠ፣
ከሻዩ ግማሹን ምንጣፉ መጠጠ።
ለካ ጅማትም ክር ነው፣ ሌላ እጅ የሚስበው፤
ሐኪሙ ስሙን ነገረው፣ ስሙን ምን ሊያደርገው።

ሴት አትገባም ነበር፣ ይህ የአያቶች ሕግ፣
ሕጉም ሰው አጣና ተቀመጠ ጥግ።
የልጁ ልጅ ቺዙ፣ አስራ አምስት ዓመቷ፣
በበረዶው ወራት ክር ስትስብ ቆሰለ ጣቷ።

የመቅደሱ ካህን ነጭ ወረቀት አወዛወዘ፣
ከበሮው ቀስ በቀስ ደክሞ ቀዘቀዘ።
ዋሽንቱ ብቻ ቀረ። የእንጨቱ ልጅ ወጣ፣
አንድ፣ ሁለት ረገጠ፣ ወደ ባዶው መጣ፣
ሦስተኛው ላይ
ቆመ።
የቼሪው አበባ መርገፍ ያቆመ መሰለኝ፣
ትንፋሽ የሚባል ነገር ከመንገዱ ጠፋብኝ።
ከዚያ ረገጠ! ከተማው ጮኸ በአንድ አፍ፣
የኔ ቶፉ ባልዲ ተደፋ ከደጃፍ።

ኪሱኬ ወደኔ ዞረ፤
«ሁልጊዜ» አለኝ፣ «እዚህች ላይ ነው የሚጮኹት?»
«ሁልጊዜ» አልኩት፣ «ለዚህች ነው የሚመጡት።»

ክሩ ይሁን እጁ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፤
ያስተማራት እሱ ነው። ያየሁትን እላለሁ፦
ከእጅጌው ወጣ ያ እጅ፣ እንደተንቀጠቀጠ፣
ከዋሽንቱ ጋር አብሮ አየሩን ጨበጠ፣
ሳበ፣ ለቀቀ፣ ሳበ።

ማታ ፋኖሶቹ ሲበሩ ቺዙ ከሆዱ ወጣች፣
ላብ አጥምቋት፣ ፊቷ ቀልቶ፣
«አያቴ፣ ሦስተኛው ላይ ያዘኝ» አለች።
«ተይው» አላት፣ «እንዳለ።»
ባዶውን ባልዲዬን ይዞልኝ ነበር፣ በሁለት እጁ፤
እጀታው ቅጭል ቅጭል ይላል።