አፈር ስሆን

ትሬል ከወንዙ ዳር፣ ማቅለጫው ከበላይ፤
ጭሱ ዛሬ ሳስቷል፣ እንደ ድሮ አይታይ።
የድሮው ግን አለ፣ አልሄደም የትም፤
ወርዶ ተቀምጧል፣ አይሸት፣ አይጎመዝዝም፣
ከዥዋዥዌው በታች፣ ከሣሩ ሥር፣
ከነጭ ሽንኩርት መደብ፣ ከድንጋዩ አጥር።

መሰርሰሪያ ጨብጬ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣
የሰው ደጅ እመታለሁ፤ «ለናሙና ነው፣ ለናሙና።»
መጀመሪያ ሦስት ጣት፣ ቀጥሎ አንድ ስንዝር፣
ቀጥሎ አንድ ክንድ፤ በከረጢቱ ላይ ቁጥር።
አፈር ሲወጋ አይጮኽም፤
ባለቤቱ ግን ፊቱን ያዞራል፣
ልጁ ደም ሲቀዳ ማየት እንደማይችል አባት።

ኤርሚኒዮ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
አርባ አንዱን ምድጃው፣ እዚያ ላይ፣ በላው።
ያኔ ማታ ሲገባ ልብሱን ደጅ ያራግፋል፤
ዲሊና ታጥባለች፣ ውሃው ይጠቁራል፤
ያንን እጣቢ ወስዳ ጓሮ ትደፋለች፣
«ቲማቲሙም ይጠጣ፣ ምን አጠፋ?» እያለች።
አሁን ሞታለች።
«አፈሩ ይቅለላት» ልል ስል ምላሴ ተያዘ፤
የዚህን ጓሮ አፈር ክብደቱን የመዘነ
እኔ አይደለሁ እንዴ?

ከጓሮው መሐል አንድ በለስ አለ፣
ከካላብሪያ የመጣ፣ በእናቱ መሐረብ የተጠቀለለ።
ብርዱ ሲቃረብ፣ ሥሩን ባንድ ወገን በጥሶ፣
ግንዱን ያስተኛዋል፣ አሮጌ ብርድ ልብስ አልብሶ፤
አፈር ይመልስበታል እንደ ሬሳ፤
ሚያዝያ ሲገባ ቆፍሮ ሊያነሳ።
«ሃምሳ ሦስት ጊዜ ቀበርኩት» አለኝ፣
«ሃምሳ ሦስት ጊዜ ተነሳ። እሱንም ጻፍልኝ።»

የልጅ ልጁ ልጅ ኔሪና አራት ዓመቷ ነው።
በመስከረም ክሊኒክ ደሟን ቀዱ፤
ወረቀት መጣ፤ ትንሽ ቁጥር፣
ለትንሽ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።
በቋንቋዬ አንድ ቃል ሁለት ሸክም ይዟል፦
እርሳስ፣ ልጅ የምትጽፍበት፤
እርሳስ፣ ልጅ ላይ የሚጽፍ።
ያኛው ሲሳል ይጽፋል፣ በላጲስም ይለቃል፤
ይኼኛው ሳይሳል ገብቶ አጥንት ውስጥ ያድራል፤
ላጲስ የለውም።

«ፍሬው አይደለም» አልኩት፣ «ፍሬው ብዙ አይስብም፤
አቧራው ነው። ጥፍር ሥር የገባው።
እጅ፣ ከዚያ አፍ።»
እጁን አየ፤
ካሮት ከመደቡ ነቅሎ፣ በሱሪው ጠረግ አድርጎ
ያጎረሳትን ያንን እጅ
ገልብጦ ደግሞ አየ።

ሐሙስ መኪና ይመጣል። አንድ ክንድ ያህል ይነሳል፤
ንጹሕ የተባለ፣ ወረቀት ያለው አፈር ይደፋል።
«የእኔስ ወዴት ይሄዳል?»
«ከከተማ ውጭ፣ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ።»
«እዚያ ጎረቤት የለም?»
ቅጹ ላይ ለዚህ መልስ ቦታ አልነበረም።
ከላይ የማቅለጫው ፉጨት ተሰማ፤
ኤርሚኒዮ ሰዓቱን አስተካከለ፣ ከልማድ።

«ያ አብልቶኛል» አለ፣ በአገጩ ወደ ኮረብታው፤
«ይኼም አብልቶኛል» ብሎ መሬቱን በእግሩ መታው፤
«ታዲያ የቱን ልርገም?»
ቀጥሎ፣ ቀስ ብሎ፦ «በለሱ ጋ ሲደርሱ
ማሽኑ ይቁም። በእጅ ይቆፍሩ።»
«በእጅ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩም አሰመርኩ።
ዘንድሮ የሚቀበረው በማያውቀው አፈር ነው።

ልወጣ ስል አንድ ቲማቲም ቀጥፎ ዘረጋልኝ፤
በቋንቋው አንድ ቃል አለ፤ እኔ በእኔው ሰማሁት፦
አፈር ስሆን፣ ብላ።
የጓሮውን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ።
እንቢ የሚል አፍ ግን ከየት ላምጣ?
ባልዲ አቀረብኩ፣ ቧንቧ ከፈትኩ፣
ቲማቲሙን አጠብኩ፣ እጄን አጠብኩ፤
የእሱንም፣ ለማዕድ እንደሚታጠብ ሽማግሌ፣
እያፈሰስኩ እስከ ክርኑ አሸሁለት።
በላን። ጣፋጭ ነበር።
ውሃው ጠቆረ፤
ባልዲውን አንጠልጥዬ ከጓሮው መሐል ቆምኩ፣
የት እንደምደፋው ጠፍቶኝ።