ነበልባሉ ቢጫ ሲሆን

ቫልፓራይሶ በሐምሌ ጭጋግ ትለብሳለች፣
መቶ አርባ ደረጃ ሽቅብ ታስወጣለች።
ዶን ባውዲሊዮ በየሃያው ይቆማል፤
"ቤቱ ከፍ ባለ ቁጥር ውኃው ጉልበት ያጣል፤
ጻፈው" ይለኛል።
ዝናብ ነው፤ በልቤ እጽፋለሁ፤
የመሣሪያ ሣጥኑን አንግቼ ከኋላው አለሁ።

ዶኛ ኦርፌሊና በሩን ከፈቱልን፣
ካፖርት እንደ ለበሱ፤ "ግቡ" እንኳ አላሉን።
"ያ ሣጥን አመፀ" አሉ ወደ ግድግዳው እያዩ፤
"አንዴ ይለበልበኛል፣ አንዴ በረዶ ነው።
ሳሙናው ራሴ ላይ እያለ ጥሎኝ ይጠፋል።
ባሌም እንዲሁ ነበር፤ መሀል ላይ ነው የሄደው።"

አለቃዬ አልሳቀም።
መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዩን፣ እንደ ልማዱ፤
"ጠቅ ጠቅ ካለ ብልጭታ አለ፤
ዝም ካለ ድንጋዩ ሞቷል።"
ጠቅ አለ፣ ጠቅ አለ፣ በስምንተኛው ያዘ።
ሲሊንደሩን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ፤
እንደ ባዶ አልጮኸም፣ እንደ ሙሉ አጉረመረመ።

ቀጥሎ ማጣሪያው። ፒንሳውን አቀበለኝ፤
ከመግቢያው ብሎን ሥር አወጣኋት ወንፊቷን፣
ጥፍር የምታህል፣ አሸዋ የሞላች፣
የኮረብታውን ዝገት ሁሉ የጠጣች።
ኮምጣጤ ውስጥ ነከርኳት።
"ብሩሽ ትፈልጋለህ?" አሉ ሴትዮዋ፤
"የሱ የጥርስ ብሩሽ አለ፤
ሦስት ወር ሙሉ ከብርጭቆው አላነሣሁትም።
እንካ። አሁን ምን ይሠራል?"
በሟች ብሩሽ ፈተግኳት። አበራች።

ውኃው ጎረፈ፣ እንፋሎት ወጣ፤
"አለቀ" አልኩ፣ ኩራት ቢጤ ልቤ ውስጥ መጣ።
ዶን ባውዲሊዮ ግን በትንሿ መስኮት
ነበልባሉን ያያል።
ሰማያዊ ሊሆን ሲገባው
ቢጫ ነው፤ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ይላል።

"ራስዎን ያምዎታል?" አለ ሳይዞር።
"ሐዘንተኛ ነኝ። ሐዘን ራስ ላይ ነው የሚቀመጠው።
ገላዬን ስታጠብ ያዞረኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል።"
"ድመቷስ?"
"እሷም አዝናለች። ትተኛለች።"

ያን ጊዜ ጋዙን ዘጋው።
ጣራው ላይ ወጥቶ ከጭስ ማውጫው ውስጥ
ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ጎተተ፦
ጭድ፣ ላባ፣ የዓሣ መረብ ክር፣ ሰማያዊ ፌስታል፣
አንድ የተሰነጠቀ እንቁላል።
ርግቦች ነበሩ። ሞቅ ያለ ቤት አግኝተው ነበር።

"ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤
ይኼ አያስቅም፣ ያስተኛል።
ሽታ የለው፣ መልክ የለው።
መስኮት ይክፈቱ።"
"ብርድ ነው እኮ!"
"ይብረድ።"

ቆርቆሮውም ተበልቷል፤ ነገ አዲስ ይመጣል።
አላበራላቸውም። ቁልፉ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈ።
ሰደቡን፤ የሰፈሩን ቧንቧ ሠሪ ሁሉ ሰደቡ።
የመጣንበትን ግማሽ ሒሳብ ተቀብሎ ወረደ።

በማግስቱ ቧንቧ ተሸክመን ስንደርስ
መስኮቱ እንደ ተከፈተ ነው፤ ድመቷ ጠርዙ ላይ።
"ራሴን አላመመኝም" አሉ፣
እንደ ክስ፣ እንደ ተሰረቀ ሰው።
"ታዲያ ሐዘኔ የት ሄደ?"

ዶን ባውዲሊዮ ካቻቪቴውን ጠየቀኝ።
አራት ብሎን አጠበቀ፣ ሁለት ጊዜ ለካ፣
ጋዙን ከፈተ፤
ሰማያዊ። ቀጥ ያለ፣ ዝም ያለ ሰማያዊ።

ሴትዮዋ እጃቸውን ከውኃው ሥር አድርገው ቆዩ፣
ረጅም ጊዜ፣ ሳያሹት።
ልንወጣ ስንል ክንዴን ያዙ፦
"ልጄ፣ ብሩሹን መልስልኝ።"

ከሣጥኔ ሥር ነበር፤ ጠጉሩ ተንጨባርሮ፣
ዝገት ዝገት፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል።
በአዲሱ ሙቅ ውኃ አጠቡት፣
ቀስ ብለው፣
ወደ ብርጭቆው መለሱት።